የረጠበው ሲባጎ

ሰሞኑን ከቤቴ ፊት ለፊት መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች መጥተው በግማሽ በርሜል ሬንጅ ሲያቀልጡ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። የሬንጅ ሽታ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ፣ አዲስ መንገድ ያስታውሳቸዋል መሰለኝ፤ እኔን ሆዴን ነው የሚያመኝ። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት፣ ግን ሽታው ቀድሞኝ ገብቶ ነበርና ምንም አልጠቀመኝም፤ ያን ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮና አራት ክንድ ስለሚሆን ሲባጎ ሳስብ ዋልኩ። መጻፍ የተማርኩት ጺም ካበቀልኩ፣ ልጅም ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ፣ ነገርን ወረቀት ላይ ማውረድ አሁንም ግንድ እንደ መፍለጥ ያደክመኛል። ቢሆንም ይህን እኔ ሳልጽፈው ብሞት የሚጽፍልኝ የለም፤ ያኔ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም አፋቸው የተሰፋ ነበር።

ያደግሁት አሰላ ነው፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ መጀመሪያ በሚያርፍበት ሰፈር። አባቴ በየነ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። አሸንዳ ይሠራል፣ የከሰል ምድጃ ይሠራል፣ የሚያፈስ ባልዲ ቂጥ ይቀይራል። የሰፈሩ ሰው ሲጣላው «ቀጥቃጭ» ይለዋል፣ አሸንዳው ሲያፈስበት ደግሞ «ጋሽ በየነ» ይለዋል፤ አባቴ ሁለቱንም በእኩል ፊት ይሰማ ነበር። የሚኮራበት ሥራ ግን ሌላ ነበር። ጎረምሳ ሳለ ቆላ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ዳር በአንድ እርሻ ሲሠራ፣ የተሰነጠቀ የጀልባ ሳንቃ በብረት መጠገን ተምሮ ነበርና፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከሐይቁ ሰዎች የጀልባ ሥራ ይመጣለት ነበር። ያኔ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል። አሮጌ በርሜል በመሮ ሰንጥቆ ይከፍተዋል፣ በባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ አጋድሞ እየመታ ያቃናዋል፣ ከዚያ በላሜራ መቀስ አራት ጣት የሚሰፋ ረጅም ቁራጭ ያወጣለታል። ይህን ቁራጭ «መቀነት» ይለው ነበር፣ ጀልባውን ወገቡ ላይ ስለሚይዘው። የመቀነቱን ጠርዝ የሰው እግርና መረብ እንዳይቆርጥ በሞረድ ይሞርደዋል፣ ሳንቃውን እንዳይሰነጥቅ ቀዳዳዎቹን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረገ ይበሳዋል። የመቀነቱ ሁለት ጫፎች ደግሞ የግድ የጀልባው አጥንት ላይ ማረፍ አለባቸው፤ አጥንት የሚሉት ሳንቃዎቹን ከውስጥ የሚይዘውን ወፍራም እንጨት ነው። ጫፉ አጥንት ላይ ካላረፈ ምስማሩ የሚነክሰው ነገር አያገኝም፣ ውሃ ገፍቶ ይነቅለዋል።

ልኩን እንዴት ያውቅ ነበር? አባቴ ማንበብ አይችልም፣ የጀልባ ሥራ የሚልክለት የሐይቁ ሰው ኦቦ ቱፋም አይችልም። ስለዚህ ደብዳቤያቸው ሲባጎ ነበር። ኦቦ ቱፋ ሲባጎውን የተሰነጠቀው ሳንቃ ላይ ዘርግቶ፣ ከአጥንት እስከ አጥንት ለክቶ፣ ሁለት ጫፉ ላይ ቋጠሮ አድርጎ ለአይሱዙ ሾፌር ይሰጠዋል፤ ሾፌሩ አሰላ መናኸሪያ ሲደርስ ለአንድ ሻይ ቤት ይተወዋል፤ እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ። ሄጄ የማመጣው እኔ የሆንኩት ትምህርት ቤት ስለማልሄድ ነው። ታላቅ እህቴ አስቴር ትማር ነበር፤ እኔን አባቴ «የዚህ እጁ ይሠራል፣ ፊደል ቆርቆሮ አይቆርጥም» ብሎ አስቀረኝ። እጄ ስለሠራ ዓይኔን ታወርኩ ማለት ነው። ይህን አሁንም አልረሳሁለትም።

ሲልከኝ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከቆዳህ ጋር አድርገው። ዝናብ እንዳይነካው።» ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። አባቴ ምክንያት የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም ነበር፤ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ምክንያቱን ሰው ራሱ ይድረስበት ይል ይመስል።

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ነሐሴ ውስጥ ጭላሎ ለሳምንታት ፊቱን አላሳየም፣ የሰፈሩ ጭቃ ጋሪ እስኪውጥ ደርሶ ነበር፣ ቤት ውስጥም ልብስ አይደርቅም። እንደዚያም ሆኖ እኔ ደስተኛ ነበርኩ፣ ምክንያቱም አባቴ በዚያ ክረምት የሚመጣውን ሥራ ሐይቁ ድረስ ወርጄ አብሬው እንድሠራ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሐይቅ አይቼ አላውቅም። ሌሊት በሕልሜ፣ ቀን በአፌ ሐይቅ ሐይቅ ስል እናቴ ሰልችቷት «ይሄ ልጅ ሳያየው ሰጠመ» ትል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሲባጎው መጣ ተባልኩና ሄድኩ። ተቀበልኩት፣ እንደታዘዝኩት ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት፣ ስመለስ ግን የሰፈር ልጆች ጋሪ ጋሪ ሲጫወቱ አገኘኋቸው፤ ፈረስ የሚሆነው ልጅ ልጓም አልነበረውም። እኔ ነበረኝ። ሲባጎውን አውጥቼ አፉ ውስጥ አስገባሁለት፣ ከኋላው ይዤ ጭቃ ለጭቃ፣ ዝናብ ለዝናብ እየጋለብኩት እስከ ድልድዩ ሄደን ተመለስን። ሲያልቅ ሲባጎው ጭቃ ለብሶ የአህያ ጭራ መስሏል። ደነገጥኩ። ቦኖው ጋ ወስጄ አጠብኩት፣ ጨመቅኩት፣ ንጹሕ ሆነ፤ ቋጠሮዎቹም እንዳሉ ናቸው። ከቆዳዬ ጋር አድርጌው ቤት ገባሁ፤ ብርዱ እስከ አጥንቴ ዘለቀ።

አባቴ በዚያው ከሰዓት ቆረጠው። ዝናቡ በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ይወርዳል፣ ቤቱ ጨልሟል፣ የአባቴ እጅ ራሱ ከበርሜሉ እርጥብ ነው፤ ሲባጎውን ላሜራው ላይ ዘረጋው፣ በምስማር ጫፍ ምልክት አደረገ፣ መቀሱን አነሳ። የዚያ መቀስ ድምፅ ጥርስ እንደ ማፋጨት ነበር፤ እያንዳንዱ ንክሻ ሲሰማ ትከሻዬ ይኮማተር ነበር። ቆርጦ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ሲባጎውን መዳፉ ላይ መጠቅለል ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ ጠቀለለና ቆመ። ከዚያ ፈታው፣ ምድጃው አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ ከፍ ያለ ምስማር ነበር፣ እዚያ ላይ ሰቀለው። ሁልጊዜ ኪሱ ነበር የሚከተው። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ያየውን ሁሉ አያስተውልም።

ሐሙስ ዕለት አስተዋልኩ። ማክሰኞ ስትሰቀል የሲባጎዋ የታችኛው ቋጠሮ ምሰሶው ላይ ካለች ጥቁር ጉጥ እኩል ነበረች፤ ሐሙስ ከጉጧ ወርዳ አገኘኋት። ጣቴን አስቀምጬ ለካሁ፤ ሦስት ጣት። አልገባኝም፣ እንደገና ለካሁ፣ ሦስት ጣት። ሲባጎ ሲረጥብ እንደሚያጥር፣ ሲደርቅ ወደ ልኩ እንደሚመለስ ማንም አልነገረኝም፤ ምሰሶው ነገረኝ። ዞሬ ግድግዳው ጋ የቆመውን መቀነት አየሁት። ተቆርጧል፣ ተሞርዷል፣ ተበስቷል። ሦስት ጣት አጭር ነው፣ የመጨረሻው በርሜልም አልቋል።

ከዚያ ወደ ሐይቁ እስከምንወርድበት ቅዳሜ ያለውን ሁለት ቀን እንዴት እንደኖርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ምግብ ቀርቦ እጁን ሲታጠብ «አባዬ» ብዬ ጀመርኩ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ «ውሃ ልጨምርልህ?» አልኩት። ሞረድ ሲስል አጠገቡ ቆምኩ፤ «ምን ቆመሃል?» አለኝ፤ «ምንም» አልኩት። ብናገር ይመታኛል፣ ያ ቀላል ነው፤ ግን ሐይቁ ይቀርብኛል። እንግዲህ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ ፍረዱ፤ የሰው ጀልባ ሊሰጥም ይችላል፣ እኔ የምፈራው ሽርሽሬ እንዳይቀር ነው። ዓርብ ምስማር ግዛ ብሎ ላከኝና ስመለስ ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ ነገር ሲሞርድ አገኘሁት፤ ስገባ ጨርቅ ጠቅልሎባት ከመሣሪያው ጆንያ ውስጥ ከተታት። ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም። መጠየቅ ማለት መነጋገር ነው፣ እኔ ደግሞ መነጋገር ፈርቼ ነበር።

ቅዳሜ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን ወረድን። ስንዴው አረንጓዴ ነበር፣ ብርዱ ከኋላችን እየቀረ ሄደ፣ ኦጎልቾን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ግራሮቹ ጀመሩ፣ ከዚያ ሐይቁ ወጣ። ያን ያህል ውሃ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሳይ ምንም አልተሰማኝም። እንደ ሕልሜ ዘልዬ አልጮህኩም። ዓይኔ ጆንያው ላይ ነበር፣ ጎኑ ላይ የታሰረው መቀነት ላይ፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። አባቴ በመንገድ ላይ አንዳንዴ ያየኝ ነበር፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው።

ኦቦ ቱፋ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ረጅም፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ በሳቁ የሚታወቅ ሰው ነው። «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ኑ ኑ እያለ በኦሮምኛ ተቀበለን፣ እኔንም «ጉርባ»፣ ልጁ ብሎ ጭንቅላቴን አሻሸኝ። ጀልባው ጎኑን ሰጥቶ አሸዋው ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ወደ ደሴቱ የሚሻገሩ ሰዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃሉ። አባቴ ሬንጁን እሳት ላይ ጣደ፣ ጨርቅ ቀደደ፣ ስንጥቁን በመሮ ጠረገ፤ ከዚያ ከኪሱ ሲባጎውን አወጣ። ደርቆ ነበር። ከአጥንት እስከ አጥንት ዘረጋው፤ ቋጠሮዎቹ ልክ ቦታቸው ላይ አረፉ። ቀጥሎ መቀነቱን አነሳና ቦታው ላይ አስቀመጠው። አንዱ ጫፍ አጥንት ላይ ነው። ሌላው ጫፍ ሦስት ጣት ሲቀረው ቆመ።

ሬንጁ ይንፈቀፈቃል፣ አባኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ላይ ይጣላሉ። ኦቦ ቱፋ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሲባጎውን አየ፣ መቀነቱን አየ።

«ሲባጎው ደርሷል» አለ። «ያልደረሰው ቆርቆሮው ነው። ደጋ ላይ ብርዱ ጣትንም ያሳጥራል እንዴ፣ ኦቦ በየነ?»

የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። አንዱ፣ መቅዘፊያ የያዘው፣ ቀጥቃጭ ቆርቆሮ እየቆጠበ ጀልባችንን ጉርድ ሊያለብሰው ነው አለ፣ ዳግመኛም ሳቁ። እኔ እግሬን አሸዋ ውስጥ እየቀበርኩ ነበር። አሁን፣ አልኩ በሆዴ፣ አሁን ልናገር፤ እግሬን ግን ይበልጥ ወደ ታች ቀበርኩት። አባቴ ቀና አለ። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ረጅም አየኝ። ከዚያ ወደ ኦቦ ቱፋ ዞረና፣

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። «ዓይኔ ደክሟል።»

ኦቦ ቱፋ መሳቁን ተወ። እሱም ወደ እኔ አየ፣ ወደ አባቴ አየ፣ ጀልባው አጠገብም ቁጢጥ አለ። አባቴ ጆንያው ውስጥ እጁን ከቶ በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣ፤ መዳፍ የምታህል፣ ቀዳዳዋ ቀድሞ የተበሳ የላሜራ ቁራጭ ነበረች። እኔ አባቴ ሁልጊዜ መጠባበቂያ እንደሚይዝ መስሎኝ ትንፋሼ መለስ አለ። ሳንቃው ላይ ሬንጅ ቀባ፣ በሬንጅ የተነከረ ጨርቅ አነጠፈ፣ መቀነቱን አስቀምጦ ከመሐል ወደ ጫፍ እየሄደ ምስማሩን መታ፤ ከጫፍ ከተጀመረ መሐሉ ይነፋልና። በመጨረሻ ትንሿን ቁራጭ አንድ ጎኗ አጥንት ላይ፣ አንድ ጎኗ መቀነቱ ላይ እንዲደርብ አድርጎ መታት። ሠራ። ግን መደረቢያው ያረፈው ባዶ ሳንቃ ላይ ነበር፣ እዚያ ጋ ምስማሩ የነከሰው ስስ እንጨት ብቻ ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር።

በዚያ ዳርቻ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጀልባ የጠገነ ሰው ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው መሻገሪያ ራሱ ይሄዳል፣ የሚቀመጠውም የጠገናት ሳንቃ ላይ ነው። ጥገናው ከያዘ ዓሣ በልቶ ይመለሳል፤ ካልያዘ መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነው። አባቴ ይህን ሲያደርግ ዓመታት ኖሯል፣ ግን የደጋ ሰው ነው፣ ዋና አይችልም። ኦቦ ቱፋ ነፋሱ መነሳቱን አይቶ ሰዎቹ ነገ ቢሻገሩ ምን ይላቸዋል፣ ሬንጁም ይደርቅ፣ አለ። አባቴ ልማዱ ልማድ ነው ብሎ ሱሪውን ሰበሰበ።

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ። «ልጁም ይቀመጣል።»

ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ጆንያ በቆሎ፣ አንዲት ፍየል፣ እኛ ሁለታችን። ዳሩ እንደራቀ ማዕበሉ ጀልባውን ከጎን መምታት ጀመረ። አባቴ እግሩን ዘርግቶ መቀነቱ ላይ ተቀምጧል፤ እኔን ትንሿ ቁራጭ ያለችበት ጋ አስቀመጠኝ፣ እጄን ይዞ መዳፌን እላይዋ ላይ አሳረፈውና ያዛት አለኝ። ያዝኳት። ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ቁራጭዋ ከመዳፌ በታች ትንፋሽ እንዳላት ከፍ ዝቅ ትል ነበር፤ ከዚያ መዳፌ ቀዘቀዘ። ውሃ። ትንሽ ነው፣ እንደ ላብ፣ ግን ይገባል። ፊት ለፊቴ ፍየሏን አቅፋ የተቀመጠች ሴት አየችኝና፣

«ምነው አንተ ልጅ፣ ጀልባውን ሆዱን አመመው እንዴ የምታሸው?» አለች። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ አባቴም አልሳቀም።

መሐል ላይ ስንደርስ፣ ዳሩም ደሴቱም እኩል በራቁበት ቦታ፣ ውሃው ተረከዜን ነካኝ። አባቴ ጣሳ አንስቶ ቀስ እያለ ሰው ሳያስደነግጥ መቅዳት ጀመረ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ ያን ሰው ፈርቶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ፣ አፉ ሬንጅና ትምባሆ ይሸታል።

«የምትለኝ ነገር አለ?» አለኝ።

ጠየቀኝ እኮ። በዚያች ሰዓት፣ ከበታቻችን ውሃ፣ ከጎናችን ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቆጣ ጠየቀኝ። እኔም ዓይኑን አየሁትና፣

«የለም» አልኩት።

ጭንቅላቱን አንዴ ነቀነቀ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ አጥፎ ከመዳፌ በታች ወተፈው፣ በጉልበቱም ተጫነው፣ እስክንደርስ ድረስ ዳግመኛ አላየኝም። ደረስን። ቁራጭዋ አልቅሳ አልቅሳ ያዘች። ደሴቱ ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ሰጡን፤ አባቴ የእሱን ድርሻ ለእኔ ገፋልኝ፣ እኔም በላሁ። አዎ፣ በላሁ።

መስከረም ጠባ፣ የአደይ አበባው መጣ፣ ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ቀን የተናገረ የለም። የተናገሩት ሌሎች ናቸው። መቅዘፊያ ይዞ የነበረው ሰውዬ ለሾፌሩ ነገረው፣ ሾፌሩ መናኸሪያ ላይ አወራው፣ ጥቅምት ሳይወጣ «የበየነ ዓይን ደክሟል» የሚለው ወሬ ከአሰላ አልፎ በቆጂ ገበያ ደረሰ። አሸንዳ የሚያሠሩ ሰዎች ወደ ሌላ ቆርቆሮ ሠሪ መሄድ ጀመሩ። በበጋው፣ ገብስ ታጭዶ ሰው ሁሉ የቤቱን ክዳን በሚቀይርበት ወር፣ አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጦ ምንም ሳይሠራ የዋለባቸው ቀኖች ነበሩ። እናቴ ዓይንህን ለምን አትታይም ብላ ስትነዘንዘው ዝም ይላታል፤ ዓይኑ ግን ከግቢው ማዶ ያለውን የአጥር ሽቦ አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። በልግ ላይ ሌላ ሲባጎ መጣ፤ የሄደችው አስቴር ነበረች። እኔን ልኮኝ አያውቅም፣ ከዚያች ቀን በኋላ አንዴም። መቀሱን ግን ሰጠኝ። «አንተ ቁረጥ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለ፣ በሰው ፊት እንዳለው በእኔም ፊት። እኔም ቆረጥኩ፣ ያንን ውሸት እውነት ነው ብዬ አመንኩና እንዲያውም አዘንኩለት። አባቴ አረጀ፣ አልኩ።

ጎርምሼ ሐይቁ ጋ ለብቻዬ መውረድ ስጀምር ኦቦ ቱፋ ልኩን የለካበትን ሲባጎ ሁልጊዜ ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ይሰጠኝ ነበር። ሰማዩ ጠርቶ፣ በጋው ነድዶም ቢሆን በፌስታል ነው። ያ ፌስታል ስድብ መሆኑ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ክረምት ላይ አንድ ሾፌር ሲባጎ አርጥቦ አመጣልኝ። ሰደብኩት፣ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት፣ እስኪደርቅ እንደምጠብቅ አስቤ ተቀመጥኩ። ሥራ ፈት እጅ መቼም አያርፍምና አንዲት መዳፍ የምታህል ትራፊ ላሜራ አንስቼ ጠርዟን መሞረድ ጀመርኩ፣ ምናልባት ልኩ ቢጎድል ብዬ፤ ሦስት ቀዳዳ በዚህ ጎን፣ ሦስት በዚያ ጎን በሳሁ። ስድስተኛው ላይ ነው መሰለኝ እጄ የቆመው። ያቺ የጆንያዋ ቁራጭ ተበስታ ነበር። ተሞርዳ ነበር። መጠባበቂያ ተብሎ ማንም ቀዳዳ በስቶ፣ ጠርዝ ሞርዶ፣ ልክ ለጎደለው ቦታ ሠርቶ አይዝም። አባቴ ዓርብ ዕለት፣ እኔን ምስማር ግዛ ብሎ ልኮ፣ ሦስት ጣት ለጎደለ መቀነት መደረቢያ ሠርቷል። ሲባጎው መርጠቡን ማክሰኞ መዳፉ ላይ ሲጠቀልለው አውቋል፤ ዕድሜውን ሙሉ በሲባጎ የኖረ ሰው እንዴት ያጣዋል! ኦቦ ቱፋም ያን ቀን ሁለታችንን ሲያይ አውቋል። የማያውቁ የመሰለኝ እነሱ ናቸው፤ የማላውቅ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ምን ያለ ታላቅ አባት ነው ይሉኛል። ጥፋትህን ተሸከመልህ፣ ስምህን አላጎደፈም ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠበቀኝ፣ ሐይቅ መሐል ጠበቀኝ፣ ከዚያም እስኪሞት ጠበቀኝ፤ በስሙ ላይ፣ በእንጀራችን ላይ ጠበቀኝ። አንድ ጥፊ ቢያቀምሰኝ እኮ ሁሉንም በለፈለፍኩለት ነበር። እሱ ግን ምክንያት እንደማይናገረው ሁሉ ጥፋትም አይናገርም፤ ሰው ራሱ ይድረስበት። ደረስኩበት፣ እሱ ግን አፈር ውስጥ ነበር። እኔም አላማርርም ብል ውሸቴን ነው፤ ከሁለታችን የባሰው ማን እንደሆነ ስመዝን ሚዛኑ አንድ ቀን ወደዚያ፣ አንድ ቀን ወደዚህ ያጋድላል።

አሁን ሲባጎ የሚልክ የለም። የጀልባው ባለቤት የስንጥቁን ፎቶ ከነልኩ በስልክ ይልካል፣ እኔም አነበዋለሁ፤ የማታ ትምህርት የገባሁት የሜትሩን ቁጥር ለማንበብ ብዬ ነው፣ ፊደሉ ኋላ ነው የመጣው። ቁጥርን ዝናብ አያሳጥረውም። ባለፈው ሳምንት እጄ ላይ ሬንጅ ስለነበር፣ አምስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ልኩን ከስልኩ እያየች ጮክ ብላ ነገረችኝ፣ እኔም ቆረጥኩ። ቆርጬ እንደጨረስኩ ተመለሰች፤ በሩ ላይ ቆማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች። «የሌላውን ጀልባ ልክ ነው የነገርኩህ።»

እንዲህ በቀላሉ። ውሃ ጠጣሁ እንደማለት። መቀሱን ይዤ አየኋት። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያች ጀልባ ጀምሮ ጉሮሮዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ጣለቻት። ቁጣዬ መጣና ሄደ። ለካሁት፤ በአንድ መዳፍ ረዝሟል።

«ረጅም ነው» አልኳት። «ረጅም ይቆረጣል። የሚያስቸግረው አጭሩ ነው።»

ሄደች። ትርፉን ቆረጥኩት፣ ቁራጩ እግሬ ሥር ወደቀ፤ አንስቼ አየሁት፣ በዚህ ጎን ሦስት፣ በዚያ ጎን ሦስት ቀዳዳ የሚበቃው ነበር። አልበሳሁትም። ከሌላው ትራፊ ጋር በርሜሉ ውስጥ ወረወርኩት።